ኮሌስትሮሉን ብቻ ሳይሆን ተሸካሚውንም እንወቅ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፦ በቤይ ኤሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ከአገር ቤት ወሬ ቀጥሎ የምናነሳው ስኳር፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ሆኗል። ኦክላንድ ታክሲ የሚነዳውም፣ ሳንሆዜ ሌሊት የሚሠራውም “የእኔ ከ200 በታች ነው፤ ደህና ነኝ” ይላል። ለመሆኑ ይህ ቁጥር ብቻውን ደህንነታችንን ያረጋግጣል? አያረጋግጥም።

ኮሌስትሮል ቅባትነት ያለው ነገር ነው፤ የደም ፈሳሽ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። ቅቤ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ኮሌስትሮልም ከደም ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ በደማችን ውስጥ የሚዘዋወረው ፕሮቲን ተሸክሞት ነው። ይህ ተሸካሚ ሊፖፕሮቲን ይባላል።

ጉዳዩን ቀድመው ከመረመሩት አንዱ የእኛው ጎረቤት ነበሩ። ከኦክላንድ አጠገብ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዶነር ላቦራቶሪ፣ ዶ/ር ጆን ጎፍማንና ባልደረቦቻቸው ደምን በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ እየለዩ ተሸካሚዎቹ ልዩ ልዩ ዓይነት መሆናቸውን አረጋገጡ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከልብ በሽታ ጋር እንደሚያያዙ እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተሙ። ዛሬ “መጥፎ ኮሌስትሮል” የምንለው ኤልዲኤል ከእነዚህ ተሸካሚዎች አንዱ ነው።

እያንዳንዱ የኤልዲኤል ቅንጣት አፖ ቢ የሚባል አንድ ፕሮቲን ይይዛል። ስለዚህ የአፖ ቢ ምርመራ የቅንጣቶቹን ብዛት ያሳያል። ኦክላንድን ከሳንሆዜ የሚያገናኘውን 880 አውራ ጎዳና እናስብ። መንገዱን የሚያጨናንቀው የተሳፋሪው ሳይሆን የመኪናው ብዛት ነው። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብተው የሚቀሩትም ቅንጣቶቹ ናቸው። ሁለት ሰዎች እኩል ኮሌስትሮል ቢኖራቸውም ብዙ ቅንጣት ያለው ሰው አደጋው ይብስበታል። በተለይ ስኳር ወይም ቦርጭ ያለው ሰው ይህን ቢመረመር ይጠቅመዋል።

ሌላው ተሸካሚ ይበልጥ እኛን ይመለከታል። ኖርዌያዊው ካሬ በርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስታወቁት ሊፖፕሮቲን “ትንሹ ኤ” መጠኑ የሚወሰነው በአብዛኛው በዘር ነው። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ደም ውስጥ በአማካይ ከነጮች ከፍ ብሎ ይገኛል። በተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ ለይቶ አይታይም። ሁዳዴን መጾም፣ ቅቤና ጮማ መቀነስ ኤልዲኤልን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል፤ ይህኛውን ግን ጾምም ሆነ ስፖርት እምብዛም አይለውጠውም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እያንዳንዱ አዋቂ ሰው በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመረው እ.ኤ.አ. በ2019 መክሯል።

ከፍ ብሎ ቢገኝስ? ተስፋ አያስቆርጥም። ሐኪሙ ኤልዲኤሉንና ደም ግፊቱን ይበልጥ አጥብቆ ይቆጣጠራል፤ ሲጋራ ያስቆማል፤ ልጆችና ወንድም እህቶችም እንዲመረመሩ ያደርጋል።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ስሞች ይዘን እንሂድ፦ አፖ ቢ እና ሊፖፕሮቲን ትንሹ ኤ። አባት ወይም ወንድም በለጋ ዕድሜው በልብ በሽታ የሞተበት ቤተሰብ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።