ከአንገት ሥር የሚለካ የደም ግፊት

የአምባሰልን አቀበት ወጥተን ስናርፍ ልባችን ድው ድው ይላል። ያን ጊዜ ሁለት ጣታችንን ከጉሮሯችን ጎን ቀስ አድርገን ብናሳርፍ የደም ሥሩ ሲመታ ይሰማናል። ይህ ሥር ደምን ከልብ ወደ አንጎል ይወስዳል።

በጤና ጣቢያ የደም ግፊታችን የሚለካው ግን ከክንዳችን ላይ ነው። በአየር የሚነፋውን የክንድ ጨርቅ ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 አስተዋወቀ፤ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ ደግሞ በ1905 የሥሩን ድምፅ በማዳመጫ መስማትን ጨመረበት።

ታዲያ የክንዱና የልብ አጠገቡ ግፊት እኩል ነው? አይደለም። በሐይቃችን ላይ ታንኳ ሲያልፍ የሚነሣው ሞገድ ዳር ሲቃረብ ከፍ ይላል። የደምም ሞገድ ክንድ ሲደርስ ከፍ ይላል፤ ይልቁንም በወጣቶች። ስለዚህ የላይኛው ቁጥር ክንድ ላይ ይበልጣል፤ የታችኛው ግን እምብዛም አይለወጥም። ልብና አንጎል የሚሸከሙት የልብ አጠገቡን ግፊት ነው።

ይህን በትክክል ለማወቅ ቀድሞ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ ማስገባት ግድ ነበር። አሁን ግን እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ በአንገት ሥር ላይ ቀስ ተደርጎ ይደገፍና የሞገዱን ቅርጽ ይስላል። ቅርጹ ከክንዱ ልክ ጋር ተገናዝቦ ግፊቱ ይሰላል። መርፌ የለ፣ ደም የለ!

መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ቢሆንም በክንድ መለካቱም ብዙ ሰው ያድናል። የደም ግፊት ሳያሳምም ቆይቶ ድንገት ሽባ ያደርጋልና፣ «ምንም አላመመኝም» ብለን አንቅር። በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም እናማክር፤ ጨው እንቀንስ፤ መድኃኒቱንም ተሻለኝ ብለን አናቋርጥ። የአንገታችንን ሁለት ጎን ግን ባንድ ጊዜ አንጫን፤ ራስን ያስታል።