የጭቃ ቤት መስኮት

አናጢ ነኝ። የጭቃ ቤት ውበቱም ዕድሜውም የሚለየው መስኮቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ግንድ ደግሞ ሁሌ ቀጥ ብሎ አያድግም። ስለዚህ ቱንቢ የሚጣለው ለመቃኑ ነው።

ሥራው ከምርጊቱ በፊት ይጀመራል። በግራና በቀኝ ጠንካራ ቋሚ አቆማለሁ፤ ከላይና ከታች አግዳሚ እቸነክራለሁ። በ5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ የሠራሁትን መቃን መሃል አስገብቼ በውሃ ልክ አስተካክላለሁ። ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ እለካለሁ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ መዝጊያው አይገጥምም። በመቃኑ ጎንና ጎን ምስማር እስከ ግማሹ እመታለሁ፤ ጭቃው የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በመቃኑ ዙሪያም ስንጥቅ ይከፈታል። አትደንግጡ፤ ምርጊቱ በደንብ ሳይደርቅ ግን ልስን አታስነኩት። ስንጥቁን ደቃቅ ጭድ ገብቶበት በተቦካ ጭቃ ጠቅጥቁት፣ ከዚያ ለስኑት፣ መጋጠሚያውንም በስስ ጣውላ ሸፍኑት። ከደጅ በኩል ያለው የታችኛው ጣውላ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። ክረምት ላይ ውሃ ወደ ግድግዳው ከሰረገ ጭቃውን ያሟሟል፣ እንጨቱንም ያበሰብሳል። ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለዚህች ጣውላ አናጢያችሁን ጠይቁት።