ቢጫ ዓይን የበሽታ ስም አይደለም

ከጋምቤላ በኩል የጥቂት ሰዎች ዓይን ቢጫ ሆነ፣ ትኩሳትም ያዛቸው ሲባል «ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ተከሰተ» የሚል ዜና ይከተላል። ዜናው ሳይበርድ ወሬው ይነሣል። የሌሊት ወፍ በላያቸው በርራ ነው ይባላል፤ ክንድ የሚተኩስ፣ ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣ ሰው ይፈለጋል። ይህን አርዕስት ባየሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የታወቀ ነው፤ የጎደለው ምርመራ ነው።

ፑኝዶን እንውሰድ። ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በአኝዋሃ ዞን ጎግ ወረዳ፣ ጊሎ ወንዝ አጠገብ ያለች ቆላ ናት። የስደተኞች መጠለያዋ እ.ኤ.አ. በ1993 ተከፍቷል። እዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ተጠርጣሪው ብዙ ነው፤ ወባ አለ፣ የሄፓታይተስ ቫይረሶች አሉ፣ መጠለያ በተጨናነቀበት በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም ይታሰባል። ቢጫ ወባም ከዝርዝሩ አይወጣም፤ ስሙ ወባ ይበል እንጂ እሱ ቫይረስ ነው። ጀርም ምን እንደሆነ ሁላችንም ተምረናልና አልፈዋለሁ። ልቆይበት የምፈልገው ቀለሙ ላይ ነው።

ቀለሙ ቢሊሩቢን ይባላል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲፈርስ ከሄሞግሎቢኑ የሚወጣ ነው። ጉበት ይህን ከደም ይቀበላል፣ በውኃ እንዲሟሟ አድርጎ ያዘጋጀዋል፣ ከዚያ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይሸኘዋል። የጣሪያ አሸንዳን አስቡ። ውኃ ሞልቶ ግቢ ውስጥ የሚፈሰው አንድም ዝናቡ ከልክ ሲያልፍ ነው፣ አንድም አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን። ወባ ዝናቡን ያበዛል፦ የወባ ጥገኛው ፕላስሞዲየም ቀይ ሴል ውስጥ ተባዝቶ ሴሉን ያፈነዳውና ጉበት ከሚችለው በላይ ቢሊሩቢን ይለቀቃል። ከሄፓታይተሶቹ አንዱ፣ ሄፓታይተስ ኢ፣ አሸንዳውን ይደፍናል፦ ቫይረሱ ጉበት ሴል ውስጥ ይባዛል፤ ሴሉን በዋናነት የሚያጠፋው ግን የተያዘውን ሴል ለይቶ የሚያጠቃው የራሳችን የመከላከያ ኃይል ነው። ዓይን ላይ የሚታየው ቢጫ በሁለቱም አንድ ነው።

ሽንት ግን ትንሽ ይለያቸዋል። የተደፈነው ጉበት ያሟሟውን ቢሊሩቢን ወደ ደም ስለሚመልሰው በኩላሊት አልፎ ሽንትን ያጠቁራል፣ ሰገራም ይነጣል። በወባ በብዛት የሚጠራቀመው ገና ያልሟሟው ስለሆነ በሽንት አይወጣም። ይህንንም እንደ ማረጋገጫ አትያዙት፤ ከባድ ወባ ሄሞግሎቢን ወደ ሽንት አፍስሶ ሊያጠቁረው፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲያው ደም ይመርመር። እዚህ ላይ ነው የላብራቶሪ ሰዎች የምንከራከረው። የባክቴሪያ ተመራማሪው ሮበርት ኮክ፣ የአንድ በሽታ ተሕዋስ በታመመ ሰው ሁሉ ውስጥ መገኘት፣ በጤነኛው ውስጥ ግን መጥፋት አለበት የሚል ሕግ ነበረው፤ ኋላ የኮሌራ ባክቴሪያን ጤነኛ ሰዎች ውስጥ ሲያገኝ ሕጉን ራሱ አላላው። ወባ ባልጠፋበት ቆላ የወባ ጥገኛን በደሙ ይዞ የማይታመም ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ የወባ ምርመራ «አለ» ቢል እንኳ ቢጫውን ያመጣው እሱ ነው ለማለት አይበቃም። የሄፓታይተስ ኢ ፀረ እንግዳ አካልም ለወራት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ቫይረሱ ራሱ ደግሞ ቶሎ ከደም ይጠፋል። አንድ ውጤት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ስንት ሰው ታመመ፣ መቼ፣ ከየትኛው ውኃ ጠጣ የሚለው አብሮ ይታያል።

«መቼ» የሚለው ብዙ ያስታል። ሄፓታይተስ ኢ ከሰገራ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 10 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሶቭየታዊው ተመራማሪ ሚካኤል ባላያን ከታመሙ ወታደሮች ሰገራ የተዘጋጀ ናሙና ራሱ ጠጥቶ የታመመው ከወር በላይ ቆይቶ ነበር፤ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። ወር ካለፈ የጠጣውን ውኃ ማን ያስታውሳል? ትናንት ማታ የበረረችውን የሌሊት ወፍ ግን ያስታውሳል። በሽታው በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚለቅ ምስጋናውን ሥር ቀጥቃጩ ይወስዳል። ውኃው በክሎሪን ታክሞም አዲስ ሕመምተኛ ለሳምንታት ይመጣል፣ ያኔ «ክሎሪኑ ምን ፈየደ?» ይባላል። እነዚያ ሰዎች ግን ከክሎሪኑ በፊት የተያዙ ናቸው።

ለእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች ላይ የደረሰውን የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1991 ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም በጋምቤላ በሌይችዎር፣ በኩሌና በትየርኪዲ መጠለያዎች ከሺህ በላይ ሰው በዚሁ በሽታ ተጠርጥሯል። ክትባትም አለ፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2011 ፈቅዳዋለች፣ በወረርሽኝ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በጎረቤት ደቡብ ሱዳን፣ ቤንቲዩ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከያዛቸው ሴቶች እስከ ሩብ የሚደርሱትን ሊገድል ይችላል። ዓይኗ ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር ካያችሁ ክንዷን አታስተኩሱ፣ ሥር አታጠጧት፤ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ አድርሷት።