ማሰቃየት በጥቅም ሚዛን ሲመዘን

የአንድ ድርጊት ትክክለኛነት የሚለካው በውጤቱ ብቻ ነው የሚለው የሥነ ምግባር ፍልስፍና ዩቲሊቴሪያኒዝም ይባላል። ፍልስፍናውን መልክ ያስያዘው እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ሲሆን፣ ዋና መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1789 ነው። ለቤንታም ደስታ መልካም፣ ሥቃይ ክፉ ነው። ሰው ሊሠራቸው ከሚችላቸው ነገሮች ትክክለኛው፣ በድርጊቱ የሚነኩት ሰዎች ሁሉ ደስታና ሥቃይ ተደምሮና ተቀንሶ የተሻለውን ውጤት የሚያስገኘው ነው። በዚህ ስሌት ንጉሡም ለማኙም እኩል ይቆጠራሉ። ቤንታም ለእስር ቤቶች መሻሻል፣ ተከታዩ ጆን ስቱዋርት ሚል ደግሞ ለሴቶች መብት የተከራከሩት ከዚሁ እኩልነት ተነሥተው ነበር።

ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ መርሕ ነው። ሁሉም ነገር በውጤቱ ከተለካ፣ በራሱ ፈጽሞ የተከለከለ ድርጊት አይኖርም፤ የታሰረን ሰው ማሰቃየት እንኳ ስሌቱ ከፈቀደው የሚፈቀድ ይሆናል። ቤንታም ጥያቄውን አልሸሸውም። ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በ1973 በታተሙ ጽሑፎቹ ውስጥ፣ ማሰቃየት በጣም በጠበቡ ሁኔታዎች ሊፈቀድ እንደሚችል አስፍሯል፤ ይኸውም ሰውየው የሚጠየቀውን መፈጸም እንደሚችል በጠንካራ ማስረጃ ሲረጋገጥና ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ ሲሆን ነው። ከእርሱ በፊት በ1764 የጻፈው ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ ግን ውጤትን መዝኖ ተቃራኒው ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተጠርጣሪን አሰቃይቶ ቃል መቀበል ሕጋዊ ነበር። ቤካሪያ እንዳሳየው፣ በዚህ አሠራር የሚጠቀመው ሰውነቱ የጠነከረ ወንጀለኛ ነው፤ ችሎ ዝም ካለ ነፃ ይወጣል። ደካማው ንጹሕ ሰው ግን ሥቃዩ እንዲቆምለት ብሎ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል።

በዛሬው ክርክር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሊፈነዳ ጥቂት ሰዓት የቀረው ቦምብ ነው። ቦምቡ በከተማ መሐል ተቀብሯል፤ የቀበረው ሰው ተይዟል፤ የት እንዳለ ግን አልናገርም ብሏል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሚያልቁ አንዱ ቢሰቃይ አይሻልም? ይህን ዓይነቱን ታሪክ በሰፊው ካሰራጩት ሥራዎች አንዱ፣ ዣን ላርቴጊ በአልጄሪያ ጦርነት ወቅት በ1960 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። እንደተተረከው ከተወሰደ የዩቲሊቴሪያኒዝም መልስ ግልጽ ነው፤ ማሰቃየት ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን ግዴታም ይሆናል። ይህን መካድ ፍልስፍናውን መሸፋፈን ነው።

ከልብ ወለዱ ወጥቶ በእውነተኛ ሕይወት ለዚህ ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ በጀርመን የፍራንክፈርት ከተማ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 አንድ የሕግ ተማሪ የ11 ዓመት ልጅ አግቶ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ጠየቀ። ገንዘቡን ሲወስድ ፖሊስ ተከታትሎ ያዘው፤ ልጁ ያለበትን ግን ሊናገር አልፈለገም። የከተማው ምክትል የፖሊስ አዛዥ ቮልፍጋንግ ዳሽነር፣ ካልተናገረ ከባድ ሥቃይ እንደሚደርስበት ለተጠርጣሪው እንዲነገረው አዘዘ፤ ትእዛዙንም ራሱ በመዝገቡ ላይ አሰፈረ። ተጠርጣሪው በደቂቃዎች ውስጥ ተናገረ። የተናገረውም እውነት ነበር፤ ማስፈራራት መቼም አይሠራም የሚሉ ሰዎች ይህን ማስረጃ ማለፍ የለባቸውም። ሆኖም በተጠቆመው ቦታ የተገኘው የልጁ አስከሬን ነበር። አጋቹ ልጁን የገደለው ባገተበት ዕለት ነው።

አዛዡ ያወጣው ስሌት አንድ መርማሪ ሊያወጣ ከሚችለው ሁሉ ጠንካራው ነበር ማለት ይቻላል። ተጠርጣሪው ወንጀለኛ መሆኑ ተረጋግጧል፤ የሕፃን ሕይወት ተይዟል፤ የተፈጸመውም ማስፈራራት ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ዋናው ቁጥር፣ ማለትም ይተርፋል የተባለው ሕይወት፣ ዜሮ ነበር። ከዩቲሊቴሪያን ፈላስፎች አንዳንዶቹ ድርጊቱን በደረሰው ውጤት ይመዝናሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በወቅቱ በተገመተው ውጤት። በሁለተኛው መለኪያ አዛዡ ሊያስመሰግነው የሚችል ነገር አለ። ነገር ግን ግምት የሚያስፈልገው፣ በልብ ወለዱ ቦምብ ታሪክ ውስጥ ለአንባቢ በነፃ የሚታደለው እርግጠኝነት በምርመራ ክፍል ውስጥ ስለሌለ ነው።

ግምቱ ሲሳሳት የሚመጣው ዕዳ ደግሞ ከአንድ ክፍል ግድግዳ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ኢብን አል ሼኽ አል ሊቢ የተባለው የአልቃይዳ ተጠርጣሪ በ2001 መጨረሻ ከተያዘ በኋላ ለግብፅ መርማሪዎች ተላልፎ ተሰጠ። እዚያ ኢራቅ ለአልቃይዳ በኬሚካልና በባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ሥልጠና ሰጥታለች ሲል ተናገረ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2003 በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ለኢራቅ ጦርነት ሲከራከሩ ይህንን ቃል እንደ ማስረጃ አቀረቡ። ሰውየው በ2004 ቃሉን አነሣ፤ የተናገረው ሥቃዩ እንዲቆምለት እንደነበር ገለጸ። ማሰቃየት ስንት ሕይወት ያድናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ስንት ሕይወት አስከፍሏል የሚለውንም አብሮ መደመር አለበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት፣ የአገሪቱ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የተጠቀመባቸው አስጨናቂ የምርመራ ዘዴዎች መረጃ ለማግኘት ውጤታማ እንዳልነበሩ ደምድሟል።

በዚህ ምክንያት ብዙ የፍልስፍናው ተከታዮች እያንዳንዱን ድርጊት ለብቻው ከመመዘን ይልቅ ደንብን መመዘን ይመርጣሉ። ጥያቄያቸውም፣ ሁሉም ቢከተለው የተሻለ ውጤት የሚያስገኘው ሕግ የትኛው ነው የሚል ነው። ማሰቃየት አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚቆም ነገር አይደለም፤ የሠለጠነ መርማሪ፣ ዝም የሚል ሐኪም፣ የሚሸፋፍን አለቃ ይፈልጋል። እስራኤል የዚህ ምሳሌ ናት። በ1987 በቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሞሼ ላንዳው የተመራ ኮሚሽን በሽብር ተጠርጣሪዎች ላይ መጠነኛ አካላዊ ጫና እንዲደረግ ፈቀደ። እንቅልፍ መንሣት፣ በኃይል መነቅነቅ፣ በሚያሳምም አኳኋን ማሰር ከዚያ በኋላ የተለመደ አሠራር ሆኑ ሲሉ የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጸጥታ መሥሪያ ቤቱ በእነዚህ ዘዴዎች የመጠቀም ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ፤ የተከሰሰ መርማሪ ግን አስገዳጅ ሁኔታ ገጥሞኝ ነበር ብሎ መከራከር እንዲችል በር ተወለት።

በስሌቱ የማይስማሙት ወገኖች ከሁሉ በላይ የሚጠቅሱት አማኑኤል ካንትን ነው። ለካንት ሰው ለሌላው ዓላማ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። ተሰቃዩ ደግሞ የገዛ ሰውነቱ በገዛ ፈቃዱ ላይ እንዲነሣ የተደረገ መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሄንሪ ሹ በ1978 ከሁለቱ መካከል የሚያስኬድ መንገድ አመልክቷል። በሐሳብ ደረጃ የሚያሳምን አጋጣሚ ሊኖር ይችላል፤ ሕጉ ግን ፈጽሞ መከልከል አለበት። አማራጭ አጣሁ የሚል ሰው ያደረገውን አድርጎ በፍርድ ቤት ይጠየቅ። በፍራንክፈርት የሆነውም ይኸው ነበር። አዛዡ በ2004 ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱ ግን በገደብ የታለፈ መቀጮ ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2010 ማስፈራራቱን ኢሰብዓዊ አያያዝ ብሎ ፈረጀው፤ ቅጣቱንም በቂ አይደለም አለ።

ዓለም አቀፉ ሕግ ወደ ፍጹም ክልከላው አዘንብሏል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1984 ያጸደቁት ማሰቃየትን የሚከለክል ስምምነት ጦርነትም ሆነ ሌላ ማንኛውም ልዩ ሁኔታ ለድርጊቱ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በራሷ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ነው። በሕገ መንግሥቷም ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት በአንቀጽ 18 ሰፍሯል፤ በአንቀጽ 93 መሠረት ይህ መብት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ ሊታገድ አይችልም።