ካርል ቪልሄልም ኮልበ፤ የዛፎች ሠዓሊና የቋንቋ ጠበቃ

በአውሮፓ የሥነ ጥበብ ታሪክ ስማቸው ዘወትር የሚነሣ ታላላቅ ሠዓልያን አሉ። ከነዚህም ጎን ስማቸው እምብዛም ያልተሰማ፥ ሥራቸውን አንድ ጊዜ ያየ ግን የማይረሳቸው ይገኛሉ። ዛሬ ለአንባብያን ልናስተዋውቅ የወደድነው ከሁለተኞቹ ወገን የሆነውን ጀርመናዊ ካርል ቪልሄልም ኮልበን ነው። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኮልበ በ1759 በበርሊን ተወለደ። በእናቱ በኩል በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰደው ከመጡ ሰዎች ወገን ስለ ነበረ ፈረንሳይኛን ገና በልጅነቱ ዐወቀ። በጎልማሳነቱም ደሳው በተባለችው ከተማ በታወቀ ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ መምህር ሆነ። ይሁን እንጂ ልቡ በሥዕል ላይ ነበረና፥ ሠላሳ ዓመት ከሞላው በኋላ መምህርነቱን ትቶ በበርሊን የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንደገና ተማሪ ሆነ። እንጀራ የሚያበላውን ሥራ ትቶ በዚያ ዕድሜ ከጀማሪዎች ጋር መቀመጥ ቀላል ውሳኔ እንዳልሆነ ማንም ተማሪ ሊገምተው ይችላል።

የመረጠው ጥበብ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ የሚሠራው ሥዕል ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የመዳቡ ሰሌዳ በሰምና በሙጫ ይቀባል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ሥዕሉን ይሥላል። ሰሌዳው በአሲድ ውስጥ ሲነከር አሲዱ ሰሙ የተነሣበትን መሥመር ብቻ እየበላ ያጐደጕዳል፤ ብዙ ሲቈይ መሥመሩ ይጠልቃል፥ በኅትመትም ላይ ይጠቍራል። ከዚያ በኋላ ሰሙ ይጠረጋል፥ ቀለም በመሥመሮቹ ውስጥ ይሞላል፥ እርጥብ ወረቀትም ተደርቦበት በማተሚያ ይጨመቃል። መዳቡን በብረት ከመፈልፈል ይልቅ በሰም ላይ መርፌ እንደ ብዕር በቀላሉ ይሄዳልና፥ ዘግይቶ ለጀመረ ሰው ይህ መንገድ ሳይስማማው አልቀረም።

ኮልበ ወደ ደሳው ተመልሶ የቤተ መንግሥቱ የመዳብ ሠዓሊ ሆነ። ኤልበና ሙልደ የተባሉት ወንዞች በሚገናኙበት በዚያ አገር ያረጁ የኦክ ዛፎች ነበሩ። ኮልበ ጕጥ የበዛበትን ግንድ፥ የደረቀውን ቅርንጫፍ ሳይታክት ስለ ሣላቸው «የኦኩ ኮልበ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ከሁሉ የሚያስደንቁት ግን ቅጠላ ቅጠሎችን ከልክ በላይ አግዝፎ የሣለባቸው ሥራዎቹ ናቸው። በ1801 በሠራው በአንደኛው ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመቃብር አጠገብ ቆመው ይታያሉ፤ ቅጠሉ ግን ከበላያቸው እንደ ጣራ ተዘርግቶ ሰዎቹን አሳንሶአቸዋል። ሰው በተፈጥሮ ፊት ምን ያህል ታናሽ እንደ ሆነ ይህ ሥዕል ያለ ስብከት ያስረዳል። ከ1805 ጀምሮ ደግሞ በዙሪክ ተቀምጦ የሟቹን የሳሎሞን ጌስነርን ሥዕሎች በመዳብ ገለበጠ።

የኮልበ ሌላው ሥራ የቋንቋ ጥናት ነው። በ1806 የጀርመንኛንና የፈረንሳይኛን የቃላት ሀብት የሚያነጻጽር መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1809ም ባዕድ ቃል ከጀርመንኛ ጋር መደባለቅን የሚነቅፍ ሁለተኛ መጽሐፍ ጨመረ። ጊዜው የናፖሌዎን ጦር በጀርመን አገሮች ላይ የበረታበት ነበረ። አሳቡ ባጭሩ፥ ጀርመንኛ ከራሱ ሥር ቃል እያራባ ማደግ ሲችል ለምን ይለምናል? የሚል ነው። ይህን የሚለው ፈረንሳይኛ ያልገባው ሰው ሳይሆን ሲያስተምረው የኖረ መምህር መሆኑን ልብ ይሏል።

እኛ በዚህ ነገር በከፊል ብቻ እንስማማለን። በገዛ ቋንቋ ያለውን ቃል ሳይፈልጉ የሰውን ማንሣት ስንፍና መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጀርመኖች መዳብን የሚጠሩበት ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፤ ኮልበ ይሠራው የነበረው ጥበብ ስምም እንደዚሁ መጫር ከሚል የላቲን ግሥ ወጥቶአል። እነዚህን ማንም ጀርመናዊ ዛሬ ባዕድ አይላቸውም። ስለዚህ ቃልን ባዕድ የሚያሰኘው መምጣቱ ሳይሆን ሳይዋሐድ መቅረቱ ነው እንላለን።

ኮልበ በ1825 የሕይወቱን ታሪክ ራሱ ጽፎ በማሳተም ሁለቱን ሥራዎቹን ማለት ቋንቋንና ሥዕልን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በ1835ም በደሳው ሞተ። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የመዳብ ሥዕሎች ትቶአል። ሞያ በሃያ ዓመት ካልተያዘ አመለጠ ለሚሉ ጓደኞቻችን የዚህ ሰው ሕይወት በቂ መልስ ይመስለናል።