ዘይት የሚያፈስ ዲፈረንሻል፦ በአንዲት ላስቲክ ምክንያት የመኪና ዋጋ እንዳይወድቅ

ልምድ ያለው የመኪና ደላላ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት መሬቱን ያያል። መኪናው ካደረበት ቦታ፣ ከኋላ ጎማዎቹ መካከል የዘይት ጠብታ ካገኘ ድርድሩ ወዲያው መልኩን ይለውጣል። ሻጩ «ቀላል ነገር ናት» ይላል። ገዥው ግን ቀላል መሆኗን የሚያረጋግጥበት መንገድ ስለሌለው ለከባዱ ብልሽት የሚበቃ ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

ይህን የገበያ ጠባይ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ ተንትኖታል፤ በ2001ም ለዚሁ ዘርፍ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዥው ካላወቀ፣ ደህናውም መኪና በመጥፎው ዋጋ ይገመታል።

በአገራችን ደግሞ የአሮጌ መኪና ጉዳይ ክብደቱ ጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በመሆኑም በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከኢንቨስትመንት የሚቆጠር ሆኗል።

ለምሳሌ ላዳን እንውሰድ። በፊያት 124 ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተመረተችው ይህች መኪና የምትነዳው በኋላ ጎማ ሲሆን፣ ዲፈረንሻሏ 1.3 ሊትር ያህል ዘይት ይይዛል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጠብታም ብትሆን በወራት ውስጥ ጥርሶቹን ለደረቅ ፍትጊያ ታጋልጣለች። መጀመሪያ የጩኸት ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያም ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛት ይከተላል።

ዘይቱ የሚወጣባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። እነሱም ከሞተር የሚመጣው ዘንግ የሚገባበት የፊት ኦይል ሲል፣ በሁለቱ ጎማዎች በኩል ያሉት ኦይል ሲሎች፣ የዲፈረንሻሉ መጋጠሚያ ጓርኒሲዮን እና የዘይት መሙያና ማውጫ ብሎኖች ናቸው። ቦታውን ለማወቅ ዲፈረንሻሉን በደንብ አጥቦ ማድረቅ፣ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ነድቶ እንደገና ማየት ነው። የፊቱ ሲል ካፈሰሰ ዘይቱ ዘንጉ በሚዞርበት ዙሪያ ተረጭቶ ይታያል። የጎማው ሲል ከሆነ የጎማው ውስጠኛ ገጽ ይረጥባል። የፍሬን ዘይትም ጎማ ሊያረጥብ ስለሚችል ማሽተት ይጠቅማል። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ሲሆን ድኝ ድኝ ይሸታል።

ኪስ ከመክፈት በፊት ግን ምንም የማያስወጣውን እንሞክር። ከዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። በጭቃ ከተደፈነች ዘይቱ ሲግል በውስጥ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ አጥቶ በደህናው ሲል በኩል ዘይት ይገፋል። መተንፈሻዋን ሳያጸዳ ሲል የሚለውጥ ሰው በቅርቡ ያንኑ ሥራ ይደግማል። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም እንዲሁ ያፈሳል።

የጎማ በኩሉን ሲል እጁ ሥራ የለመደ ሰው በቤቱ ሊለውጠው ይችላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ የፊት ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ፤ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት በሕይወት መቀለድ ነው። ጎማውና የፍሬን ታምቡሩ ከወጡ በኋላ አክስሉን የያዙት አራት ዳዶዎች ይፈታሉ፤ አክስሉም ከነኩሽኔታው ተስቦ ይወጣል። አሮጌው ሲል በካቻቢቴ ይነቀላል። አዲሱ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ዞሮ፣ በዘይት ረስርሶ፣ ሳያዘነብል ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይገባል። ሲሉ የሚያርፍበት የአክስሉ ክፍል ቦይ አውጥቶ ከሆነ አዲሱም አይይዝም። ኩሽኔታው የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚጮህ ከሆነ ደግሞ በፕሬስ የሚለወጥ ስለሆነ አክስሉን ወደ ጋራዥ መውሰድ ግድ ነው።

እዚህ ላይ የማይታለፍ ነገር አለ። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ መለወጥ አለበት። በቤንዚን ታጥቦ ቢመለስ ሲሞቅ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ቁልቁለት ላይ አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ይንሸራተታል።

የፊቱ ሲል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዳዶው የሚጠብቀው በውስጥ ያለ ተጨማጅ ቀለበት ለኩሽኔታዎቹ ትክክለኛ ጥበቃ እስኪሰጥ ድረስ ነው። ከልክ ካለፈ ኩሽኔታው ይቃጠላል፤ ከላላ ጥርሶቹ ይበላላሉ። ይህን ሥራ ለባለሙያ ሰጥተው «ከመፍታትህ በፊት የዳዶውን ቦታ ምልክት አድርገሃል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የመካኒኩን ማንነት ይነግርዎታል።

ዘይቱን ለመለወጥ ሁልጊዜ የመሙያው ብሎን አስቀድሞ ይፈታ። የታችኛውን አፍስሰው መሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት ይቀራል። አዲሱ ዘይት 80ደብልዩ90 ጂኤል5 የሚል ሲሆን፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ እንዳለ እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ይሞላል። አሮጌው ዘይት ወደ ፍሳሽ ቦይ አይደፋም።

እንግዲህ ሒሳቡን ገዥና ሻጭ እንዲህ ይይዙታል። ሻጭ ከገበያ በፊት ያስጠግን፤ የተለወጠውን ሲልና የዕቃውን ደረሰኝ ያስቀምጥ፤ ለገዥው የጎደለው መረጃ እሱ ነውና። ገዥ ደግሞ ሥሩ ገና የታጠበ መኪና ሲያቀርቡለት ግማሽ ሰዓት ነድቶ፣ አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይይ። ጎንበስ ማለት አያስከፍልም።