በሆሳዕና ከፍታ አሮጌ ጂፕን ማሻሻል፦ ከጭስ ማውጫው ይልቅ የማርሽ ምጣኔ ለምን ይቀድማል?

መግቢያ

ከሆሳዕና ተነሥቶ በወራቤና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ተሽከርካሪ 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ የሚፈለገው ፍጥነት ነው። ያው ተሽከርካሪ ወደ ሐዲያና ከምባታ ገጠር ሲታጠፍ ግን አቀበት፣ ቁልቁለትና የክረምት ጭቃ ይገጥመዋል፤ በዚያ የሚፈለገው ጉልበት ነው። የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁለቱን በአንድ ሞተር ለማስታረቅ ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መፍትሔዎች ይታዩታል፤ ጭስ ማውጫውን ማስፋትና የዲፈረንሻሉን ማርሽ ለፍጥነት በሚስማማ መተካት። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ውጤት በአሜሪካዊው ጂፕ ሲጄ-5 አብነት ይመረምራል። ጂፕ በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ከተፈረመው የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ ርዳታ ስምምነት በኋላ በጦር ሠራዊቱ ዘንድ የተለመደ ሆኗል።

ከፍታው የሚወስደው ኃይል

የሲጄ-5 ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር 2.2 ሊትር ይዘት ሲኖረው፣ በፋብሪካው ልኬት 75 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ትልቁ የመጠምዘዝ ኃይሉ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ የሚገኘው 155 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ልኬት ግን የባሕር ጠለል አየርን ታሳቢ ያደርጋል። ሆሳዕና በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 76 በመቶ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚያንስ፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ወደ 118 ኒውተን ሜትር ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር፣ ሞተሩ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቷል።

ካርቡሬተሩም ሌላ ችግር ይጨምራል። ነዳጁን የሚመጥነው በአየሩ ክብደት ሳይሆን አየሩ ሲያልፍ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በእኩል መጠን አይቀንስም። በዚህ ከፍታ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ ይበዛበታል። የጠቆረ ካንዴላ፣ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ፍጆታ መጨመር ምልክቶቹ ናቸው።

ጭስ ማውጫው ምን ይመልሳል?

ሰፊ ቱቦና ቀላል ማርሚታ የሚያስወግዱት የተቃጠለው ጋዝ ሲወጣ የሚገጥመውን መከላከያ ግፊት ብቻ ነው። ይህ ግፊት ጎልቶ የሚታየው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ብዙ ጋዝ ሲያስወጣ ነው። ጂፑ አቀበት በሚወጣበት በ2,000 ዙር አካባቢ ግን ያልተደፈነ የፋብሪካ ቱቦ የሚያስከትለው ኪሳራ አነስተኛ ነው። ሊገባ ያልቻለውን ኦክስጅን ደግሞ የትኛውም ጭስ ማውጫ አይመልሰውም። ስለዚህ ከማስፋት ይልቅ የሚበጀው ጥገናው ነው። ዝገት የበሳው ቱቦ ቀለምም ሽታም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ተሳፋሪዎች ያስገባል፤ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ደግሞ የዚህን መርዛማ ጋዝ መጠን ከፍ ያደርገዋል።

የዲፈረንሻሉ ስሌት

ሲጄ-5 በተለመደው አሠራሩ የ5.38 ምጣኔ አለው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ 5.38 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ቢሆን፣ በሦስተኛ ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ በደቂቃ 3,260 ዙር ያህል ይሽከረከራል። ምጣኔው በ4.27 ቢተካ ይህ ወደ 2,590 ይወርዳል። በአስፋልት ላይ ጩኸቱና ድካሙ ስለሚቀንስ ለውጡ የተሳካ ይመስላል።

ዋጋው የሚታወቀው አቀበት ላይ ነው። ወደ ጎማ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል በ21 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከፍታው ከወሰደው ሩብ ጋር ሲደመር፣ ጂፑ በባሕር ጠለል ከነበረው የመጎተት ዐቅም የሚቀረው 60 በመቶ ብቻ ነው። በቁልቁለትም ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ስለሚላላ ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ያቆማል።

ሁለት ስውር አደጋዎችም አሉ። የፍጥነት መለኪያው ዙር የሚቀበለው ከዲፈረንሻሉ በፊት ካለው ክፍል በመሆኑ፣ ካልተስተካከለ 60 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 76 ያህል ይሆናል። የኋላው ብቻ ተለውጦ የፊተኛው ቢቀር ደግሞ በአራቱም ጎማ ሲነዳ የፊትና የኋላ ጎማዎች ስለሚጓተቱ ማርሾቹ ሊሰበሩ ይችላሉ።

ፋብሪካው ራሱ ያደረገው ትምህርት ይሰጣል። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሲጄ-5 በአማራጭነት ያቀረበው ባለ 6 ሲሊንደር 3.7 ሊትር ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉ ከቀድሞው እጥፍ በላይ ነበር፤ ወደ 3.73 ምጣኔ የተወረደውም ከዚህ ሞተር ጋር ነው። ጉልበት ሳይጨመር ምጣኔን ብቻ ዝቅ ማድረግ ግን ከዚህ አሠራር ተቃራኒ ነው።

ማጠቃለያ

በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከፍታ ላይ የማሻሻያው ቅደም ተከተል ከዚህ ስሌት ይመነጫል። በመጀመሪያ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካል፤ ቀጥሎ የካርቡሬተሩ ነዳጅ ይቀነሳል፣ የካንዴላው እሳት የሚነሣበት ጊዜም በጥቂት ዲግሪ ይቀደማል። ከዚያ ጭስ ማውጫው በቀድሞው ስፋት ያለ ቀዳዳ ይጠገናል። የ5.38 ምጣኔ ባለበት ይቆያል። የአስፋልት ፍጥነት የግድ ከተፈለገ አሽከርካሪው ሲፈልግ የሚያስገባው፣ አቀበት ሲደርስ የሚያወጣው ኦቨርድራይቭ ይመረጣል፤ ለአስፋልቱ ሲባል የአቀበቱን ጉልበት አያስቀርምና። ትልቅ ሞተር የሚታሰብ ከሆነ ግን ካምቢዮው፣ አክስሉና ከሁሉም በላይ ፍሬኑ አብረው መታሰብ አለባቸው።